የዮሐንስ ዐሥራ አምስት ጉቶዎች

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ስብከትን ለራሱ የሚሰማ ሰው አላየሁም። ራሴንም ጨምሬ ነው የምለው። ሰባኪው ስለ ትዕቢት ሲናገር ጉባኤው ወደ መዘምራኑ ያያል። ስለ ሐሜት ሲናገር በቀኝ በኩል የተቀመጡት ወንዶች በግራ በኩል ወደተቀመጡት ሴቶች አንገታቸውን ይመልሳሉ። ስለ ስካር ሲሆን ደግሞ ሴቶቹ ሳይዞሩ ይስላሉ፤ ሳሉ ለማን እንደሆነ ባልየው ያውቃል። አንዲት ጎረቤታችን ከአምልኮ ስትወጣ፣ «የዛሬው ቃል ለእሱ ነበር፤ እሱ ግን አልመጣም» ብላ ከልቧ ስታዝን ሰምቻለሁ። ቃሉ እንደ ምሳ በሳህን ተከድኖ ለቀረው ሰው ወደ ቤት ይወሰዳል። ሲደርስ ቀዝቅዟል፤ የቀረውም ሰው አልራበውም።

እኔ በዚህ ልማድ ያደግሁ አይደለሁም። የተወለድሁት ሚዛን ተፈሪ፣ ከሰሜን ከመጣ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ነው። ወንጌላዊ አማኝ የሆንሁት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው፤ እናቴ ይህን ለጎረቤት ስታወራ «ትምህርቷንም ሃይማኖቷንም ጨርሳ መጣች» ትላለች። ባዮሎጂ ተምሬ ስመለስ ከከተማው ወጣ ያለ ትምህርት ቤት ተመደብሁ። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ቆርቆሮ ክዳን ያላት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። አባላቷ አብዛኞቹ ቡና ያላቸው የቤንች ገበሬዎች ናቸው። እዚያ ሕፃናትን በማስተማር ማገልገል ጀመርሁ፤ ሕፃናት ዓይን ለዓይን ሲያዩኝ ብዙም አላፍርም።

ትልቅ ሰው ፊት መቆም ግን ሌላ ነው። ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ከኋላዬ አለ፤ ሳፍር ዞሬ እጽፋለሁ። መድረክ ላይ ከኋላዬ ያለው የግድግዳ መስቀል ብቻ ነው፤ እሱ ላይ መጻፍ አይቻልም።

እንዲያም ሆኖ አንድ የጥር እሑድ መድረኩ እኔ ላይ ወደቀ። ቴፒ ትልቅ ጉባኤ ነበር፤ ከእኛ መካከል መናገር የሚወድ ሁሉ በአንድ የጭነት መኪና ተሳፍሮ ወደዚያ ሄደ። የቀረነው እኔ፣ የግቢው ጠባቂና ዋናው ሽማግሌ ነበርን። ጠባቂው ሙስሊም ነው። ዋናው ሽማግሌ የቀሩት ወገባቸውን ስለሚያማቸው መንገዱን ፈርተው ሲሆን፣ እሳቸው ደግሞ በራሳቸው ስም መስበክ አይወዱም። የሚወዱት ማስተርጎም ነው። በእኛ ዘንድ ስብከት በአማርኛ ይሰበክና በየዓረፍተ ነገሩ ወደ ቤንችኛ ይተረጎማል።

«እህታችን ተምራለች» አሉኝ፣ ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስል።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ድምፅ የለኝም።»

«ድምፁን ለእኔ ተዪው።»

የመረጥሁት ክፍል የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ ዐሥራ አምስት ነበር፤ ጌታ ራሱን የወይን ግንድ፣ እኛን ቅርንጫፍ፣ አብን ገበሬ ያደረገበት። ፍሬ የማያፈራውን ቅርንጫፍ ገበሬው ያስወግደዋል፤ የሚያፈራውንም አብልጦ እንዲያፈራ ያጠራዋል። ያስቸገረኝ ወይኑ ነው። በእኛ አገር ወይን የሚታወቀው በብርጭቆ ነው፤ እሱም ለእኛ ምእመናን የተከለከለ ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ነገሮች አብዛኞቹ ለሚዛን እንግዳ ናቸው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰባኪ በምድረ በዳ ስለ መጠማት ረጅም ስብከት ሲሰብክ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ድምፁን ውጦት ነበር። ሰዉ ውኃ ስለሌለበት አገር ሲነገረው በትዕግሥት ተቀምጦ፣ በበሩ የሚገባውን ጎርፍ በእግሩ ይመልስ ነበር።

እኔ ይህን ስሕተት አልደግምም አልሁ። በወይኑ ፈንታ ቡና ላደርግ ወሰንሁ።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ያረጀ ቡና እንዴት እንደሚጎነደል የሚያሳይ ሥዕል ተለጥፎ ነበር። ግንዱ ከጉልበት በታች በመጋዝ ይቆረጣል፤ ውኃ እንዳያቁር አቆራረጡ ዘመም ይላል፤ ከጉቶው ጎን አዲስ ቡቃያ ይወጣል። ፍሬ እስኪመለስ ግን ሁለት ሦስት ዓመት መጠበቅ ግድ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ በየተራ ቁረጡ ይላሉ፤ ዘንድሮ ይህን ጥግ፣ ለከርሞ ያንን ጥግ። በሰፈሩ ይህን ያደረገ አንድም ሰው አልነበረም። የልማት ሠራተኛው ሲመክር ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ይስማማል፤ ከዚያ ቤቱ ገብቶ ዛፉን ያቅፋል።

ስብከቴን በጥንቃቄ አዘጋጀሁ። ወይን ማጥራትና ቡና መጎንደል አንድ እንዳልሆኑ አስገባሁ። በየተራ መሆኑን አስገባሁ። ባለሙያ ማማከር እንደሚገባም አስገባሁ። ከመድኃኒት ጋር የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ይመስል ነበር።

እሑድ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ዓይኖቼን ከመጽሐፉ ሳላነሣ «ጌታ የሚያጠራን ስለሚወደን ነው» አልሁ። ዋናው ሽማግሌ አጠገቤ ቆመዋል። ወገባቸውን ረሱት። እኔ ሦስት እስትንፋስ የማትሞላ ዓረፍተ ነገር ሰጠኋቸው፤ እሳቸው አስፋፍተው፣ አሳድገው፣ ነጎድጓድ አደረጓት። የገበያ ቤንችኛ እንጂ የመድረክ ቤንችኛ አልችልም፤ ስለዚህ የራሴን ስብከት እንደ ማንኛውም እንግዳ በአድናቆት አዳመጥሁ። በመጨረሻ ቀኝ እጃቸውን ከትከሻቸው በላይ አንሥተው በማይታይ ገጀራ የማይታይ ዛፍ ጣሉ።

«አሜን!» አለ ጉባኤው።

«የሚቆረጠው ግን በየተራ ነው» አልሁ እኔ።

አሜኑ ገና አላለቀም ነበር። ሽማግሌውም ይህችን አላስተረጎሟትም፤ ሌላ ዛፍ እየጣሉ ነበር።

በሁለተኛው አግዳሚ ላይ የሚቀመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። እኔ አባባ ነው የምላቸው። አሜናቸው ከሁሉም ቀድሞ ይነሣና ከሁሉም ኋላ ይቀመጣል፤ አንዳንድ ሰባኪ ዐሳቡ ሲጠፋበት የእሳቸውን አሜን ተደግፎ ያገግማል። በዚያ እሑድ ግን አንድም አሜን አላሉም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በመስኮት ወደ ቤታቸው አቅጣጫ ያዩ ነበር። ልቤ ሞላ። ስብከትን ለራሱ የሚሰማ ሰው በመጨረሻ አገኘሁ አልሁ።

በሳምንቱ አጋማሽ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ደብተር ሳርም በራችን ተንኳኳ። እናቴ ከፈተች። የአባባ ባለቤት ነበሩ፤ እሳቸውን ደግሞ እማማ ነው የምላቸው። በትከሻቸው የተሸከሙትን ረጅም የቡና ቅርንጫፍ ደጃፋችን ላይ ጣሉት። ቅጠሉ ገና አልጠወለገም።

«ሰባኪዋ የታለች?»

«ሰባኪ የለንም» አለች እናቴ። «አስተማሪ ናት ያለችን።»

«አስተማሪዋን ጥሪያት እንግዲያ። ያስተማረችውን ትየው።»

ወጣሁ። «እማማ፣ ምን ሆኑ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ! ቡናዬ ነው የሆነው። ሰኞ ማለዳ መጋዝ ተውሶ መጣ። ምን ልታደርግበት ነው ስለው ቃል ነው አለኝ። ቃል ነው! ገበያ ውዬ ስመለስ ግማሹ የለም። በማግሥቱ የቀረውን ጨረሰው። አንድ አልተረፈም።»

«እማማ፣ እኔ እኮ በየተራ ነው ያልሁት።»

«ለማን ነው ያልሽው?»

«ለጉባኤው።»

«እኔ ጉባኤ አይደለሁም? አልሰማሁም።»

እናቴ ቅርንጫፉን አንሥታ ግድግዳውን አስደገፈችው። «እኔ ልንገርሽ እህቴ» አለቻቸው፣ «የኛ ቄስ ስንት ዘመን ሰበኩ፤ አንዲት ዛፍ አላስቆረጡም። ካላመንሽ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ እዪው፤ ጫካ ነው።»

እማማ ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም፤ ከንፈራቸው ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጡና እንባቸው መጣ። እነዚያን ቡናዎች የተከሉት ሙሽራ ሳሉ ነው። ችግኙን ከጫካ እየነቀሉ፣ በቅጠል እየጠቀለሉ፣ በራሳቸው ተሸክመው አምጥተው። ባላቸው በዚያን ጊዜ ከወንድሞቹ ጋር አደን ይውል ነበር። የትኛዋ ዛፍ ቶሎ እንደምትቀላ፣ የትኛዋ ጉንዳን እንደምታበዛ፣ የትኛዋ ሥር ልጃቸው ሕፃን ሳለች ትተኛ እንደነበር ያውቃሉ።

«እኔም ቃል አለኝ» አሉ፣ በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ፍሬ ያጣችውን በለስ ጌትዮው ቁረጣት ሲል፣ አትክልተኛው ምን አለ? ዘንድሮን ተዋት፣ ዙሪያዋን ልቆፍርላት፣ ፋንድያ ላድርግባት አላለም? የኔዎቹ እኮ ያፈሩ ነበር! ያንን ለምን አልሰበክሽም?»

ማንበብ አይችሉም። ይህን የሉቃስ ወንጌል ምሳሌ አንድ ቀን ሰምተው ለክፉ ቀን አስቀምጠውታል። ሁለቱም ያው መጽሐፍ ውስጥ ናቸው፤ በአንዱ ገበሬው ይቆርጣል፣ በሌላው ገበሬው ይለምናል። እኔ ያነሣሁት መጋዝ ያለበትን ነው።

እማማ ተነሡ። «ጌጫ ልጄ ጋ እሄዳለሁ። ቡናዬ ሲመለስ እመለሳለሁ።»

«ባይመለስስ?» አለች እናቴ።

«እኔም አልመለስም።»

በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ጌጫ ከቴፒ በላይ፣ ሸካ ደጋ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ እዚያ እንሰትና ገብስ እንጂ የእማማ ዓይነት ቡና አይሆንም። ዕድሜያቸውን ሙሉ አብረው የኖሩ ባልና ሚስት በእኔ ስብከት ተለያዩ። በሥነ ሥርዓት ያገባ ሰው ስንት ነገር ችሎ ይኖራል፤ የእነሱ ትዳር ያልቻለው ዮሐንስ ዐሥራ አምስትን ሆነ።

ዋናውን ሽማግሌ ቤታቸው ድረስ ሄጄ አገኘኋቸው።

«እህታችን፣ እኔ እኮ አስተርጓሚ ነኝ» አሉኝ። «የተሰጠኝን ነው የማደርሰው።»

ስለ እጃቸው አንድ ነገር ልናገር ነበር። «አዎ ጋሼ» ብዬ ወጣሁ።

ቴፒ የሄዱት በጉባኤው መንፈስ ተሞልተው ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያናቸው ሁለት ቦታ ተከፍላ ጠበቀቻቸው። ወንዶቹ ዮሐንስ ሆነዋል፤ ሴቶቹ ሉቃስ። በረቡዕ ጸሎት ወንዶቹ ጉቶዎቹ እንዲያቆጠቁጡ ሲጸልዩ፣ ሴቶቹ ለአባባ ንስሐ ይጸልዩ ነበር፤ ሁለቱም ወገን የሌላውን ጸሎት ላለመስማት ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ስሜ መነሣቱ ነው። ስብከቴ ሥራ ላይ የሚውል ዓይነት መሆኑ ታወቀ። ሰው ትእዛዝ ይዞ ይመጣ ጀመር። አንዲት እናት፣ አምሽቶ ስለሚገባ ባል የሚናገር ክፍል ካለ በሚቀጥለው እሑድ እንድሰብክላት፣ ባሏን ግን ቀድማ በመጨረሻው አግዳሚ በበሩ ተቃራኒ እንደምታስቀምጠው ነገረችኝ። አንድ ወንድም ሩት አማቷን እንዴት እንደተከተለች እንዳነሣ ለመነኝ፤ ሚስቱና እናቱ አንድ ቤት ነበሩ። ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደኝ የባጃጅ ሾፌር ደግሞ፣

«ቲቸር፣ ስለ መንገድ የሚናገር ቃል የለም?» አለኝ፣ ጉድጓድ ውስጥ ወርደን ስንወጣ።

«አለ። ጎድጓዳው ይሞላል፣ ጠማማውም ይቃናል ይላል፤ ኢሳይያስ ላይ።»

«እሱን ስበኪልን በናትሽ!»

«ማዘጋጃ ቤቱ እኛ ጋ አይመጣማ።»

«አይ! ሁሌ የሚመለከተው ሰው ይቀራል» አለና ፍሬኑን ያዘ።

አባባን ለማየት የሄድሁት ከእናቴ ጋር ነው። ብቻሽን አትሄጂም አለችኝ፤ እውነቱን ለመናገር እሷም ጉቶዎቹን ለማየት ጓጉታ ነበር። ማሳው ጥርሱ እንደረገፈ አፍ ተከፍቶ ጠበቀን። ጥላ ዛፎቹ ምን እንደሚያጠሉ ጠፍቷቸው ብቻቸውን ቆመዋል። ለዘመናት ፀሐይ ያልነካው አፈር ተሰነጣጥቋል። አባባ በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ታቹ ያረረ ድስት በአመድ ይፈትጋሉ።

«እናንተ ናችሁ? ግቡ፣ ግቡ። ቤቱ እንኳ...» አሉና ድስቱን ከኋላቸው አደረጉት።

«ምን በልተው ነው ያሉት?» አለቻቸው እናቴ።

«ጎደሬ።»

«ጎደሬ እንዲህ ያራል?»

«እሷ ስትቀቅለው አያርም» አሉ ቀስ ብለው።

ስመጣ የያዝሁትን ጥያቄ ማውጣት ከበደኝ፤ ግን ወጣ። «አባባ፣ የሚቆረጠው በየተራ ነው ያልሁትን አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተዋል?»

«ከሁለተኛው አግዳሚ ጥሩ ይሰማል። አሜን ስላላልሁ ሁሉንም ሰማሁ።» ድስቱን ተዉት። «ልጄ፣ የልማት ሠራተኛው ስንት ዓመት ነገረኝ። እኔም ልቆርጥ ስንት ዓመት አሰብሁ። ዛፉ አርጅቶ ፍሬው ሰማይ ላይ ነው፤ ጎትቼ ለማጠፍ ጉልበት የለኝም። እሷ ግን እምቢ አለች። የመንግሥትን ቃል እምቢ ማለት ይቻላል፤ የመጽሐፉን ቃል ግን እምቢ አትልም ብዬ ጠበቅሁ። እንዲህ ያለ ስብከት ስንት ዘመን ጠበቅሁ መሰለሽ! አንድም ሰባኪ ቡና አያነሣም፤ በግ፣ በግ፣ በግ ብቻ።»

«ታዲያ ለምን በየተራ አላደረጉትም?»

አባባ የሚገርም ጥያቄ እንደሰሙ አዩኝ። «የመጀመሪያውን ተራ ካየች በኋላ ሁለተኛውን ተራ ታስቆርጠኛለች?»

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ግን ያን እሑድ በመስኮት ወዴት ያዩ እንደነበር አሁን ገባኝ። ለራሳቸው አልነበረም የሰሙት። ለሚስታቸው ነበር፤ እሳቸውም እንደ ሌላው ሁሉ በሳህን ከድነው ወስደውታል። ልዩነቱ ሰኞን አለማሳለፋቸው ነው።

ልንወጣ ስንል «ልጄ» አሉኝ፣ «በስንት ጊዜ ያቆጠቁጣል ይላል ቃሉ?»

«ዮሐንስ ጊዜውን አልጻፈም፣ አባባ።»

«የትኛው ጻፈ?»

አሰብሁ። «ኢዮብ የተቆረጠ ዛፍ ተስፋ አለው ይላል። ጉቶው በአፈር ውስጥ ቢሞት እንኳ ከውኃ ሽታ የተነሣ ያቆጠቁጣል ይላል።»

«ኢዮብ!» አሉ፣ ድስቱን መልሰው እየሳቡ። «የኢዮብ ሚስት እንኳ ተሳደበች እንጂ ጥላው አልሄደችም።»

የዚያ ዓመት በጋ ረዘመ። ሚዛን ሳይዘንብ ሲቆይ ሰው ሰማይን እንደ ባለዕዳ ያየዋል፤ እኔ ግን የማየው ጉቶ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በማሳው በኩል እዞራለሁ። በቅርፊቱ ሥር የተኛ እንቡጥ እንዳለ ለተማሪዎቼ ሥዕል ሥዬ አስተምራለሁ። ለእግዚአብሔር የሚሳነው ነገር እንደሌለም ለሕፃናቱ አስተምራለሁ። ከሁለቱ ዕውቀቶቼ አንዱም ጉቶ ፊት ስቆም አላረጋጋኝም። ሰው እንዳያየኝ ዙሪያዬን ተመልክቼ ለጉቶ ጸልያለሁ። እንዲህ ያለ ጸሎት ውስጥ የሚያምር ቃል የለም። «እባክህ» ብቻ ነው።

መጋቢት ላይ ዘነበ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ትምህርቴን አቋርጬ ቆምሁ፤ ተማሪዎቹ ምን እንደሆንሁ ግራ ገባቸው። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በአንዱ ጉቶ ጎን የሩዝ ፍሬ የምታክል አረንጓዴ ነገር አየሁ። ከዚያ በሌላው። ከዚያ በብዙዎቹ። ያልተነሡም ነበሩ፤ ደርቀው ቀሩ። አባባ ግን የሞቱትን አላዩም። እሑድ ለምስክርነት ተነሡና ቡቃያውን ለጉባኤው አወሩ፤ ዋናው ሽማግሌ ወደ አማርኛ ሲያስተረጉሙ ያ ገጀራ የነበረው እጅ አሁን ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ ከመድረኩ ወለል ያቆጠቁጥ ነበር። ወንዶቹ አሜን አሉ። ሴቶቹ ሳሉ።

ወሬው በሚኒባስ ረዳት ጌጫ ተላከ። መልሱ በዚያው ረዳት መጣ። «ቅጠል ፍሬ አይደለም በለው። ጌታ ራሱ ቅጠል ብቻ ይዛ የቆመችውን በለስ ምን አላት?» አባባ በበኩላቸው ከእሴይ ግንድ በትር ይወጣል የሚለውን የኢሳይያስ ትንቢት ላኩ። ረዳቱ የካምባታ ልጅ፣ ካቶሊክ ነው፤ በእነሱ ጉዳይ ምክንያት ከሰዉ ሁሉ ይልቅ መጽሐፍ ቅዱስን አጠና። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ቲቸር፣ እኔ በበኩሌ ወደ ሉቃስ አደላለሁ» አለኝ።

ችግሩ የመጣው ቡቃያው ሲበዛ ነው። በአንድ ጉቶ ላይ ዐሥርም ከዐሥር በላይም ወጣ። ሥዕሉ ላይ እንደተጻፈው ሁለት ሦስቱ ይቀሩና ሌላው ይነሣል፤ ካልሆነ ተሻምተው ሁሉም ቀጭን ሆነው ይቀራሉ። አባባ እጃቸው አልነሣም አለ። ያን ሁሉ ዛፍ በሁለት ቀን የጣሉ ሰው፣ በአውራ ጣት የሚቀነጠስ ቡቃያ ፊት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ።

«ይህማ የተሰጠኝ ነው» አሉኝ። «በተሰጠኝ ላይ ሁለተኛ እጄን አላነሣም።»

ማሳው መጥረጊያ የተተከለበት መሰለ። ዋናው ሽማግሌ ጠሩኝ።

«እህታችን፣ ያንን ዮሐንስ ዐሥራ አምስት ድገሚልን። አሁን ስለ መቀነሱ። አደራ፣ እኔ አስተረጉማለሁ።»

እስከዚያ ቀን ለሽማግሌ እምቢ ብዬ አላውቅም። «አይሆንም ጋሼ» አልሁ፤ ድምፄ ወጣ። «ከመድረክ የተጣላ ሰው ከመድረክ አይታረቅም። ጌጫ እሄዳለሁ።»

ቅዳሜ በቴፒ በኩል ወጣሁ። መንገዱ ሽቅብ በሄደ ቁጥር ቡናው እየሳሳ፣ ጉሙ እየወፈረ መጣ። እማማን ያገኘኋቸው በልጃቸው ቤት፣ ጋቢ ተከናንበው እሳት ዳር ነው። ሲያዩኝ አልተነሡም።

«ምን ጥቅስ ይዘሽ መጣሽ?»

«ምንም አልያዝሁም፣ እማማ።»

«እሺ። ቁጭ በዪ።»

ተቀመጥሁ። እጄን እሳቱ ላይ ዘረጋሁ። በመንገድ ላይ የተለማመድሁት ሁሉ ጠፋኝ። «ቡቃያው በዝቷል» አልሁ። «አባባ መቀነስ አቃታቸው።»

«ምን?»

«አልቆርጥም አሉ። አንድም።»

እማማ ጋቢውን ከራሳቸው ገፈፉ። «ያ ሰውዬ አልቆርጥም አለ?»

«አዎ።»

ሳቁ ከሆዳቸው ጀመረ። ልጃቸው ከጓዳ እስክትወጣ ድረስ ሳቁ፤ ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። «የኔ ጌታ! ቁረጥ ሳይሉት ሁሉን ይቆርጣል፣ ቁረጥ ሲሉት ያለቅሳል!» ከዚያ ድንገት ሳቁን ትተው ወደ እኔ ተጠጉ። «ስንት ስንት አለ፣ በአንዱ ላይ?»

«ዐሥር የሚሆን። ከዚያም የሚበልጥ አለ።»

«ዐሥር! ይተናነቃሉ እኮ!» ተነሡ። «ጫማዬ የታለ? አንቺ፣ ጫማዬን ወዴት አደረግሽው?» ልጃቸው ጫማ ስትፈልግ ወደ እኔ ዞረው ጣታቸውን አነሡ። «ይቅር ብዬው እንዳይመስልሽ። ልጆቼ እየተናነቁ ነው።»

በማግሥቱ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ማሳው ውስጥ ነበርን። እማማ ከመንገድ ቤት አልገቡም፤ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው ከመጀመሪያው ጉቶ ጀመሩ። የደረቁት ጉቶዎች ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ያሳርፉባቸውና ያልፋሉ። አባባ ራቅ ብለው ቆመዋል። ሁለቱ ከተለያዩ ወዲህ ፊት ለፊት የተባባሉት ቃል ይህ ነበር፤

«ድስቱን ምን አደረግኸው?»

«አጥቤዋለሁ።»

«አያለሁ።»

እማማ እያንዳንዱን ጉቶ ዙሪያውን ያዩታል፤ ጠንካራውን፣ ዝቅ ብሎ የወጣውን፣ ከሌላው የራቀውን ይመርጣሉ። የቀረውን በአውራ ጣታቸው ቀጭ ያደርጉታል። ቀጭ ባለ ቁጥር አባባ ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔ የተቀነጠሰውን በቁና እሰበስባለሁ። ማንም ጥቅስ አልጠቀሰም።

ቤቱ አጠገብ ወዳለችው ጉቶ ስንደርስ፣ እማማ ሁለቱን መርጠው ሦስተኛዋ ላይ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ጥሩ ቡቃያ ነበረች፤ ቅጠሏ ያብረቀርቃል፤ ግን ለሌሎቹ ቀርባለች።

«እሷን...» አሉ አባባ ከኋላ።

«ምን?»

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያን የመሰለ አሜን የሚወጣበት ጉሮሮ ቀጭን ድምፅ አወጣ። «እሷን እንኳ ዘንድሮን ተያት። ዙሪያዋን እኔ እቆፍርላታለሁ። ፋንድያም አደርግባታለሁ።»

የእማማ ጣት ቆመ። ባላቸውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ።

«ይህን አንቺ ነሽ ያስተማርሽው?»

«አይደለሁም፣ እማማ።»

«ዋናው ሽማግሌ ነው ያስተረጎመለት?»

«እዚህ አልነበሩም።»

እማማ ጣታቸውን ከቡቃያዋ አነሡ፤ ለሌሎቹ እንዳትጠጋ ቀስ ብለው ወደ ውጭ አዘነበሏትና ከጥላ ዛፉ የወደቀባትን ደረቅ ቅጠል አነሡላት።

«ቁፋሮውን አያለሁ» አሉ፤ ወደሚቀጥለው ጉቶም ሄዱ።

አባባ መቆፈሪያ ሊያመጡ ሲሮጡ አየኋቸው፤ በዚያ ዕድሜ ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።